የአዛዡ ድምፅ

መናኸሪያ ሥራ ከገባ ወዲህ በስሙ የሚጠራው ሰው እያነሰ ሄደ። ሾፌሮቹ «ጎርናናው» አሉት፣ ትኬት ቆራጮቹ ተቀበሉ፣ እሱም አልጠላውም። ሥራው ከትኬት መሸጫው በላይ ባለች መስታወታም ክፍል ተቀምጦ የአውቶቡሶቹን መነሻ በድምፅ ማጉያ መናገር ነበር። የትኛው አውቶቡስ፣ ከየትኛው በር፣ መቼ፤ ከዚህ ያለፈ ነገር የለውም። ድምፁ ግን ከደረቱ ሥር ተነስቶ ሳይጮህ የሚሰማ ድምፅ ነበር። «ሻንጣችሁን ከመተላለፊያው ላይ አንሱ» ሲል የሰው ሻንጣ ሳይቀር የሚያነሳ መንገደኛ አይጠፋም።

በአካል ያየው ሰው ግን ግራ ይጋባል። ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ወረፋ ላይ ሰው ሲቀድመው አፍ አውጥቶ መናገር የሚያፍር ሰው ነው። ፀጉር ሠሪዋ ሚስቱ፣ «በስልክ ድምፁን ስሰማ ሌላ ሰው ነበር የጠበቅኩት፤ አንዴ ከመጣ በኋላ ምን ላድርገው?» እያለች ደንበኞቿን ታስቅ ነበር።

አንድ ቀን አውቶቡሷ የዘገየባት አንዲት ሴት ደረጃውን ወጥታ የክፍሉን በር አንኳኳች። የውጭ አገር ፊልሞችን ድምፅ በአማርኛ የምታዘጋጅ ሴት ነበረች። ስለ ምስጢራዊ ወታደሮች የሚያወራ ተከታታይ ድራማ እንደያዘች፣ የአዛዡን ድምፅ የሚሆን ሰው ስትፈልግ እንደከረመች ነገረችው። እሱ አፍሮ ሳቀ። በሳምንቱ ግን ግድግዳው በጥቁር ስፖንጅ በተለበደ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፍቶ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ነበር።

የድራማው ወታደሮች መንግሥታቸው «አላውቃቸውም» የሚላቸው ናቸው። በሐሰት ስም ሰው አገር ይገባሉ፣ የታዘዙትን ፈጽመው ይወጣሉ። አዛዡ አብሯቸው አይሄድም። ካርታ ፊት ተቀምጦ በሬዲዮ ያዛቸዋል። ደግ ይሁን ክፉ ተመልካቹ መቁረጥ አልቻለም። አንድ ቀን ለሞተበት ወታደር ሲያለቅስ ይታያል፤ በሌላው ቀን አሳልፎ ከሚሰጠው ሰው ጋር ተቀምጦ እየሳቀ ራት ይበላል። ድራማው እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ሲተላለፍ የሰፈሩ መንገድ ጭር ይላል። ጎርናናው በአንድ ጊዜ «አዛዡ» ሆነ። ልጆች ሲያዩት እንደ ወታደር ሰላምታ ይሰጡታል፣ ባለዳቦ ቤቱ ከወረፋው አውጥቶ ያስቀድመዋል። እቤት ውስጥ ድምፁን ጠንከር ካደረገ ግን ሚስቱ፣ «ባለቤቴ እስኪመጣ ይጠብቁ ጌታዬ፣ ለወታደር ራት አላቀርብም» ትለዋለች።

ከዚያ የመምህሩ ታሪክ ያለበት የድራማው ክፍል መጣ።

በዚያ ክፍል ወታደሮቹ የቆሰለ ጓደኛቸውን ተሸክመው አንድ ጡረተኛ መምህር ቤት ይሸሸጋሉ። መምህሩ ማን ናችሁ ሳይል ቁስሉን ያጥባል፣ አልጋውን ይለቃል። በማግስቱ መውጫ መንገድ ይገኛል። ነገር ግን መምህሩ ፊታቸውን አይቷል። ከተያዘ ይናገራል፤ ከተናገረ ደግሞ በከተማው የተደበቁት የቀሩት ያልቃሉ። አንዱ ወታደር በሬዲዮ፣ «ሰውየውን ምን እናድርገው?» ብሎ ይጠይቃል። አዛዡ መነጽሩን ያወልቃል፣ ዓይኑን ያሻል፣ አንድ ቃል ይናገራል። ጎርናናው በያዘው ወረቀት ላይ ቃሉ «ሸኙት» ይላል።

«ምን ማለቱ ነው?» አለ።

«ሸኙት ነዋ» አለች አዘጋጇ ከመስታወቱ ማዶ።

«ወደ ቤቱ እንዳይሉት እቤቱ ነው ያለው። ወዴት ነው የሚሸኙት?»

አዘጋጇ ልትስቅ ከጀመረች በኋላ ተወችው። «በራሱ በፊልሙ ቋንቋም እንዲሁ ነው። ተርጓሚው ራሱን ሲያክ ነው የሰነበተው። ከቃሉ በኋላ በሩ ሲዘጋ ያሳያል፤ ሌላ ነገር የለም።»

«ሳላውቅ እንዴት ብዬ ልበለው?»

«አዛዡም የሚያውቅ አይመስለኝም።»

ሞከረ። «ጨከንክ፤ ገና ከአፍህ ሳይወጣ ሰውየው ሞተ» አለችው። አለሰለሰው። «አሁን ደግሞ ሚዜ መሰልክ» አለችው። መላልሶ መላልሶ ሲደክመው፣ መናኸሪያ ውስጥ የበር ቁጥር እንደሚናገረው አድርጎ አለው። ማን እንደሚሳፈር የማያይ፣ መናገር ብቻ ሥራው የሆነ ሰው ድምፅ ነበር። አዘጋጇ እጇን አነሳች። «በቃ፣ ይሄ ነው!»

ክፍሉ በተላለፈ ማግስት ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ፀጉር ቤት ውስጥ አንዷ፣ «ገድለውታል! በሩ ሲዘጋ ጫማ እንኳ አላደረገም» ስትል፣ ሌላዋ፣ «አዛዡ እንዲያ አያደርግም፤ አንጀቱ እኮ ገር ነው» ብላ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር እንዳለች ተሟገተች። ባለዳቦ ቤቱ ጎርናናውን ጎተት አድርጎ፣ «ለእኔ ብቻ ንገረኝ፤ ትንፍሽ አልልም» አለው።

«ሙት፣ አላውቅም።»

«ራስህ ተናግረህ ራስህ አታውቅም?»

ጎርናናው ዳቦውን ይዞ ወጣ። ነገሩ ግን ሆዱ ውስጥ ቀረ።

በዚያው ሳምንት ታላቅ ወንድሙ መናኸሪያ መጣ። ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። በወጣትነቱ ወታደር ነበር፣ የመገናኛ ሠራተኛ፤ ስለዚያ ዘመን ግን ሲያወራ ማንም ሰምቶት አያውቅም። ድራማውንም አያይም። የመሣሪያ ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወንበር ሳይሰጡት ተቀመጠ።

«ሰው ቤት ፍሪጅ ልሠራ ሄጄ» አለ፣ «ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥን ተከፍቷል። ድምፅህን ሰማሁ። እንዴት እንደዚያ ልትለው ቻልክ?»

«ምኑን ጋሼ?»

«ሸኙት ያልከውን።»

የአውቶቡስ መነሻ ደርሶ ነበርና ጎርናናው የድምፅ ማጉያውን ቁልፍ ተጭኖ በሩንና መስመሩን ተናገረ። ወንድሙ አፍ አፉን እያየ ጠበቀው።

«እኔ ከላይ የመጣውን ወደ ታች ነበር የማሳልፈው» አለ ቁልፉ ሲለቀቅ። «አንድ ጊዜ ከወንዝ ማዶ ሰው ቤት ያደሩ ልጆች በሬዲዮ ጠየቁኝ። ባለቤቱን ምን እናድርገው ብለው። ወደ ላይ ጠየቅኩ። የመጣልኝ ቃል ይሄው ነው። ምን ማለታችሁ ነው ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር። አልጠየቅኩም። እንዳለ አሳለፍኩት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሬዲዮው ተዘጋ። ልጆቹ ተመለሱ፣ ምሳ አብረን በላን። ማንም ምንም አላለም።» ቦርሳውን አነሳ። «ያን ቀን የሰማሁት አንተን አይደለም፤ ራሴን ነው። የመምህሩን መጨረሻ ስታውቅ ንገረኝ።»

ጎርናናው እሺ አለ።

መጨረሻው የታወቀው ድራማው ሊያልቅ ሲል ነው። ከወታደሮቹ አንዱ፣ ሴቶቹ ሁሉ የሚወዱት መልከ መልካሙ፣ መርማሪዎች ፊት ቀርቦ መምህሩን ከቤቱ ጓሮ፣ ከእንጨት ክምሩ አጠገብ እንደገደለው ይናገራል። አዛዡ ተጠርቶ ሲጠየቅ፣ «ሸኙት ነው ያልኩት። ግደሉት አላልኩም» ይላል።

ጎርናናው ወረቀቱን አነበበና ማዳመጫውን አወለቀ። «እዚህ ጋ ዝም ቢልስ?» አለ።

«አፉ እኮ ይንቀሳቀሳል» አለች አዘጋጇ።

እውነቷን ነው፣ ይንቀሳቀሳል። ውሃ ጠጣና አለው።

ከስቱዲዮው በቀጥታ ወደ ወንድሙ ሄደ። በራቸው በተነቀለ ፍሪጆች መካከል ተንበርክኮ አገኘው።

«ገድለውታል» አለ።

«አዛዡስ ምን አለ?»

«ግደሉት አላልኩም አለ።»

ወንድሙ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እውነቱን ነው» አለ። ጨርቁን ጥሎ፣ «ውሸቱን ነው» አለና ወደ ሞተሩ ዞረ።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወንድሙ ከመናኸሪያው አውቶቡስ ተሳፈረ። ከነዚያ ከወንዝ ማዶ ካደሩት ልጆች አንዱ ሐይቁ ዳር ባለች ከተማ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ እንዳለው ከሰው ሰምቶ ነበር። መነሻውን የተናገረው ጎርናናው ነው። ወንድሙ በመስኮት ቀና ብሎ አላየውም።

ሲመለስ ደረጃውን ወጥቶ ተቀመጠ። ፊቱ ያው ነበር።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት። ሻይ ጠጣን። ስለ ወለዳቸው ልጆች አወራኝ። ከዚያ፣ ያን ቀን ያዘዝከው አንተ ነህ አይደል? አለኝ። አስተላላፊ መሆኔን አያውቅም። ያን ሁሉ ዓመት የኔ ቃል ነው የመሰለው።»

«ታዲያ ነገርከው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ አልኩት።»

ጎርናናው ከወንበሩ ተነሳ። «ጋሼ፣ አንተ እኮ አላዘዝክም!»

«እና ማን ይበልለት? ላዩን አያውቀው፣ ታቹን አያውቀው፤ እሱ የሚያውቀው የኔን ድምፅ ነው። ሰውየው የሚጣላው ሰው ፈልጓል።» ወንድሙ በመስታወቱ ወደ ታች፣ ሻንጣ ወደሚጭኑት ተመለከተ። «ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነገረኝ።»

«ምን አደረጉ?»

«ለእኔ የነገረኝ ለእኔ ነው» አለ።

ጎርናናው ደግሞ አልጠየቀም። ማታ ለሚስቱ ሲነግራት እሷ ከንፈሯን መጠጠች። «ዋሽቶ ይሁን እውነት ተናግሮ ምኑም አልገባኝም» አለች። እሱም አልገባውም። ወንድሙ ሸክም ወሰደ ወይስ ሊቀበለው ሲመኝ የኖረውን ፍርድ አገኘ? ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና ተወው።

ድራማው አለቀ። አዘጋጇ ሌላ ሥራ ሰጠችው፤ አሁን የሚናገረው ለአንድ ነገረኛ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው። ባለዳቦ ቤቱ እንዲህ ያለውን ውርደት አልወደደለትም።

ወንድሙ ወደ ሐይቁ ከተማ መመላለሱን ቀጠለ። ምን እንደሚያወሩ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ጠዋት ግን ባለሱቁ ራሱ ዕቃ ሊገዛ መጣና ወንድሙ ወደ መስታወታሟ ክፍል ይዞት ወጣ። አጭር፣ ፀጉሩ የሳሳ፣ የወረቀት ጥቅል በብብቱ ያቀፈ ሰው ነው።

«ታናሽ ወንድሜ ነው» አለ ጠጋኙ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለ ጎርናናው።

እንግዳው ለሰላምታ የዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ከታች የሚነሳ አውቶቡስ ሞተር ይጮሃል።

«በድምፃችሁ ብቻ ወንድማማች መሆናችሁ ያስታውቃል» አለ ሰውየው በመጨረሻ፣ እጁንም ሰጠው።