ቀዮ በሽንኩርት ቅርጫት

ረመዳን ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የእናቴ አበባ የአከራዬ የሽንኩርት ቅርጫት ውስጥ ተገኘች። ያገኘኋት እኔ ነኝ።

አበባዋ አማሪሊስ ናት፤ እናቴ ግን «ቀዮ» ትላታለች። ሥሯ ትልቅ ሽንኩርት ይመስላል። በበጋ ቅጠሏ ይረግፍና ያለ ውሃ ከርማ፣ በበልግ ታብባለች። እናቴ የዓይኗን ሞራ ልታስገፍፍ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ስትሄድ፣ አቦከር ሰፈር ያለውን ቤቷን ቆልፋ ቀዮን ከነወተት ጣሳዋ አስረከበችኝ።

«ሐኪሙ ድነሻል ቢለኝ አላምነውም» አለችኝ። «ቀዮን ሳያት ነው የማምነው።»

እኔ የተከራየሁት ጀጎል ውስጥ ነው። አከራዬ ረመዳን ሳይገባ ቤታቸውን ያድሳሉ፤ ግድግዳውን ኖራ ይቀባሉ፣ ነደባ የሚሉትን መደብ በቀይ አፈር ይለስናሉ። ጎረቤቱ በቀለም ጀምሯል፤ እሳቸው እሺ አይሉም። ያን ሰሞን ለሥራ ድሬዳዋ ነበርኩ። ስመለስ መደቡ አምሯል፣ ጣሳው ባዶ ነው።

«እማማ፣ እዚህ የነበረው አፈርስ?»

«ተቀምጠህበታል። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ቀይ አፈር አይቼ አላውቅም። ለእኔ ያመጣኸው መስሎኝ ዱዓ አድርጌልሃለሁ።»

«ሽንኩርት የመሰለ ነገር ነበረው።»

«ከሽንኩርቱ ጋር ነዋ! ነገ ልከትፈው ነበር።»

«አይበላም፤ መርዝ አለው።»

«አስተግፊሩላህ! መርዝ ቤቴ አስቀምጠህ ድሬዳዋ ትሄዳለህ?»

የእናቴን ነገር ነገርኳቸው። «የእናትህን ዓይን ነው እንዴ የለሰንኩት?» አሉ። መደቡን ሊፍቁት ሲነሱ ያዝኳቸው። የተረፋቸውን አፈር ከፍየል በጠጥ ጋር አሽተው፣ አንገቷን ከአፈር በላይ አድርገው በእጃቸው ተከሏት።

ረመዳኑን ሙሉ ከአፍጥር በኋላ ጣሳውን ሳያዩ አይተኙም። «ትንሽ ውሃ?» ይሉኛል። «አይብዛባት» እላለሁ። ምንም ብቅ አላለም። ከዒድ በኋላ ቢሮ ደወሉልኝ።

«ምላሷን አወጣች!»

ቅጠል አልነበረም፤ እምቡጥ ነበር።

እናቴ ስትመለስ ቤቷን ሳትከፍት ወደ እኛ መጣች። አንዷ አበባ ፈክታለች፣ ሌላዋ ገና ናት። አከራዬ ጣሳውን ያዙላት፤ እሷ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

«ለካ ቀይ ብቻ አይደለችም» አለች። «መሐሏ ላይ ነጭ መስመር አላት።»

አከራዬ ወደ እኔ ዞሩ። ቀረብ ብዬ አየሁ።

ነጭ መስመር አለ።