አክስቴና የቆንስሉ «ወዳጅ»

ዛሬ አክስቴ ሽሮ ሜዳ ሱቋ ውስጥ፣ በደርግ ጊዜ የቪዛ ደላላ እንዴት ከእጇ እንዳመለጠ ስታወራኝ በሳቅ ሞትኩ።

ያኔ እህቷ ሮም ሰው ቤት ትሠራለች፤ አክስቴም ልትከተላት ቆርጣለች። ከአገር መውጣት ደግሞ ቀልድ አልነበረም።

አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው አዲሱ ገበያ አገኛትና «የጣሊያን ቆንስሉ የልብ ወዳጄ ነው» አላት። ፓስፖርቷን ተቀበለ። ለቆንስሉም ጋቢ እንድታዘጋጅ ነገራት። (ክራቫት ያሰረ ሁሉ የሚታመንበት ዘመን ነበር። አሁንማ ነቅተናል፣ አይደል?)

ጥጡን ራሷ ፈትላ አሸመነች። ሊወስደው ሲመጣ ግን «በገዛ እጄ ነው የማለብሰው!» አለችው።

«ሥራ ይበዛበታል፣ እህቴ።»

«እጠብቀዋለሁ።»

«አማርኛ እኮ አይሰማም!»

«አንተ ታስተረጉምልኛለህ።»

እየጎተተች ታክሲ ውስጥ አስገባችው። ኤምባሲው በር ላይ ሲደርሱ፣ እንዳትጠረጥረው ፓስፖርቷን አስያዛትና «ሲጋራ ገዝቼ መጣሁ» ብሎ በዚያው ቀረ።

ብትጠብቀው፣ ብትጠብቀው የለም። መታለሏ ሲገባት እያለቀሰች ብቻዋን ገባች። ጸሐፊዋ አባብላ አስቀመጠቻትና «እህትሽ የጥሪ ወረቀት ከላከችልሽ ደላላ ምን ያደርግልሻል?» አለቻት።

ወረቀቱ መጣ። የመውጫ ፈቃዱ ብዙ ቢያመላልሳትም በመጨረሻ ሄደች፤ ዓመታት ሠርታም ተመለሰች።

«ሰውዬው አላናደደሽም?» አልኳት።

«ምን ያናድደኛል? እሱ ባይዋሸኝ እኔ ያንን በር መቼ እደፍር ነበር!»

እናንተስ ጋ እንዲህ ያለ የ«ቆንስል ወዳጅ» መጥቶ ያውቃል? እስቲ አጫውቱን።