ስድስት የታጠቡ ጠርሙሶች

ባይነሽ ጠርሙስ አጣቢ ነበረች። ይህን ሰምቶ ከንፈሩን የሚመጥ ካለ ባይነሽን አያውቃትም። በመርካቶ ምን አለሽ ተራ አሮጌ ጠርሙስ የሚነግድ ሁሉ ዕቃውን ተሸክሞ የሚመጣው ወደ እሷ ነበር። ቡሹን ነቅላ አንዴ ካሸተተች ላምባ የነበረበትን ከዘይት፣ አረቄ የነበረበትን ከመድኃኒት ለይታ ትናገራለች። ከዚያ አሸዋና ሙቅ ውሃ ጨምራ ታንሿሿዋለች፣ በሳሙና ትደግማለች፣ መጨረሻ ላይ በረኪና አዙራበት ዘቅዝቃ ታደርቃለች። በሥራዋ አሥራ አንድ ዓመት በረኪናዋን አንድ ቀን አልዘለለችም። ሌሎቹ አጣቢዎች ውድ ነው ብለው በውሃ ብቻ ሲያልፉት ትንቃቸው ነበር፤ ንቀቷንም አትደብቅም።

ከጎጃም የመጣችው በሙሽርነቷ ነው። ባሏ እዚያው መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ በሚባለው ሰፈር፣ የእህል ጆንያ ሲያወርድ ክምሩ ተንዶበት ሞተ። ከእሱ ከወለደቻቸው ሦስት ልጆች ደግሞ ሁለቱን በሁለት ክረምት ተቅማጥ ወሰደባት። የቀረቻት የአራት ዓመቷ እቴቴ ነች። ሰማዩ ሲጠቁር ሌላው ሰው ጣሪያውን ያያል፤ ባይነሽ ግን ጎድጉዶ እንደሆነ የልጇን ዓይን ነበር የምታየው።

የምትኖርበት ግቢ በሙሉ የሚጠጣው ከአንድ ጉድጓድ ነው። ያስቆፈሩት በአንዋር መስጊድ በኩል ቅመም የሚነግዱት ሐጂ ሙህዲን ሲሆኑ፣ ክርስቲያን እስላም ሳይሉ ለሁሉም በነጻ ለቀውታል። ደግ ሰው ናቸው። ችግሩ ከጉድጓዱ በላይ፣ በዳገቱ በኩል፣ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ የግቢው ሽንት ቤቶች መደርደራቸው ነው። አንድ የክሊኒክ ድሬሰር ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ ብሎ መክሯት ስለነበር፣ ባይነሽ ከሁለተኛው ልጇ ቀብር ወዲህ ያልፈላ ውሃ ለእቴቴ አታስቀምስም። ጎረቤቷን ራህማንም ጨቅጭቃ አስለምዳታለች። ራህማ ከስምንት ዓመት ልመና በኋላ ሱሀይር የምትባል ልጅ ወልዳ ነበር።

በ1958 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አቶ ፈለቀ የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር በላንድሮቨር መጣ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ወጣት ነው። በመርካቶ ዙሪያ የአሥራ ሁለት ጉድጓዶችን ውሃ እንደሚያጠና ነገራቸው። ቧንቧ የሚዘረጉት ሰዎች በዚያ ዓመት ቦኖ የሚያቆሙት ለአንድ ሰፈር ብቻ ነው፤ ውሃው ከሁሉ የከፋ ሆኖ ለተገኘው ሰፈር። ባይነሽ ይህን ስትሰማ ልቧ ቅቤ ጠጣ። ከእኛ የከፋ ከየት ይመጣል አለች በሆዷ።

ውሃው የሚፈለገው ሰኞ ሰኞ ማለዳ፣ ማንም ሳይቀዳ በፊት ነው። ሰውዬው በአንድ ማለዳ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ሊያዳርስ ስለማይችል በየሰፈሩ አንድ ታማኝ ሰው መረጠ፤ እዚህ ባይነሽን መረጠ። ስድስት ጠርሙሶች በወረቀት ተጠቅልለው ተሰጧት። ጠርሙሱ ንጹህ መሆን አለበት፣ ጣትም አፉን እንዳይነካው ብሎ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቃት። አትጠቢው አላላትም። ከላቦራቶሪ የወጣ ጠርሙስ ያጥባል ብሎ ማን ያስባል?

ባይነሽ እቤቷ ገብታ ወረቀቱን ስትፈታ ከጠርሙሱ ሥር ቆንጠር ያለች ነጭ ዱቄት አየች። ሳቋ መጣ። እንዲያ ያለ የተማረ ሰው፣ ጠርሙስ ማጠብ ያስተማረው የለም! ሄዳ ዕቃህ ቆሻሻ ነው እንዳትለው ነውር ሆነባት፤ እንግዳን ማሳፈር የት ያየችው ነገር ነው። ስለዚህ ዝም ብላ አጠበችለት። በአሸዋ፣ በሳሙና፣ በመጨረሻም በበረኪና። ለመንግሥት ሥራ ነው ብላ በረኪናውን ከወትሮው አበዛችው። ሳታለቀልቀውም ውሃውን ቀዳችበት። ስድስት ሰኞ እንዲሁ አደረገች። ውሃው መጥፎ መሆኑን ታውቃለች፤ ጠርሙሱ ግን የእሷ ስም ነው።

በሰኔ ውጤቱ መጣ። ከአሥራ ሁለቱ ጉድጓዶች ሁሉ ንጹሁ የሐጂ ሙህዲን ሆኖ ተገኘ። ቦኖው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። ለሐጂ ግን ውሃቸው ለመጠጥ ተስማሚ መሆኑን የሚገልጽ፣ ክብ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሳቸው። እሳቸውም በመስተዋት አስገጥመው ከጉድጓዱ በላይ ሰቀሉት። ግቢው በሙሉ ኮራ። ባይነሽ መጀመሪያ ግራ ገባት፤ ቆይታ ግን አመነች። ልጅ የሚገድል ውሃ አይደለም ከተባለ የትኛዋ እናት ናት ማመን የማትፈልግ? እንጨት መግዛቱ ወገቧን ሲቆርጣት ኖሯል፤ ማፍላቱን ተወች። ለራህማም፣ እንጨትሽን በከንቱ አታንድጂ፣ የተማሩት መስክረውለታል አለቻት።

ነሐሴ ላይ ተቅማጡ ገባ። እቴቴ አሥር ቀን ተኝታ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ ተነሣች። ሱሀይር በሦስተኛው ቀን ሞተች።

አቶ ፈለቀ ተመልሶ የመጣው በጥቅምት ነው። ከክሊኒኩ መዝገብ እንዳየው በዚያ ክረምት ከሁሉ የበለጠ ልጅ የታመመው ንጹህ ብሎ ከጻፈለት ግቢ ነበር፤ ነገሩ እንቅልፍ ነሣው። ሲገባ ባይነሽ ሥራ ላይ ነች። በረኪናውን ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው ስታዟዙር ቆሞ አያት።

«እትዬ ባይነሽ፣ የኔንም ጠርሙሶች እንደዚህ ነው ያጠቧቸው?»

«ስድስቱንም» አለች፤ ምስጋና የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። «ዱቄት ነበረባቸው፤ እንዳያፍሩ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።»

ሰውዬው የተገለበጠ ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳት። በረኪናው ጠርሙሱ ውስጥ ቀርቶ በውሃው ያለውን የበሽታ ተውሳክ ሁሉ ገድሎታል። ያቺ ዱቄትም ቆሻሻ አልነበረችም፤ በውሃው ውስጥ በረኪና ቢኖር ኃይሉን እንድትሰብር ሆን ተብላ የተጨመረች ነች።

«የመረመርነው ውሃውን አይደለም» አላት። «የእርስዎን እጅ ነው።»

ባይነሽ የያዘችውን ጠርሙስ አስቀምጣ፣ አሁን እንቅዳና ይውሰዱት፣ ሳላጥበው እቀዳለሁ ብላ ለመነችው። እሱ ግን አሁን ምንም እንደማይለውጥ ነገራት። የጥናቱ ገንዘብ አልቋል፤ ጥናቱን ያሠሩት የውጭ አገር ሰው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ ቧንቧውም በሌላው ሰፈር ተቀብሯል። አቶ ፈለቀ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልነግርዎት ይገባ ነበር፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ አለ። ጽፏልም፤ ሦስት ጊዜ ጻፈ። የመለሰለት የለም።

ባይነሽ የቻለችውን ሞከረች። ሐጂ ሙህዲን ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ተናዘዘች። በትዕግሥት ሰምተዋት፣ ልጄ፣ ማኅተም አለበት እኮ አሏት። የግቢውን ሴቶች ሰብስባ ጠርሙሶቹን አጥቤያቸው ነበር ስትል ተሳሳቁ፤ በታጠበ ጠርሙስ የተቀዳ ውሃ ምን ይሆናል፣ ደግ አደረግሽ አሏት። ራህማን ግን ለብቻዋ ነው የነገረቻት። ራህማ ጉልበቷን አቅፋ እስከ መጨረሻው ሰማችና፣ የአላህ ፈቃድ ነው፣ ዳግመኛ ይህን እንዳትነግሪኝ አለቻት። ከዚያ እንስራዋን አንሥታ ወደ ጉድጓዱ ሄደች።

የባሰው የጉድጓዱ ዝና መውጣቱ ነው። ማኅተም ያለው ውሃ አለ ተብሎ ከጎጃም በረንዳ ሳይቀር ሴቶች እንስራ ተሸክመው ይሰለፉ ጀመር። ባይነሽ ለእቴቴ እንደገና ታፈላለች። ለዚህ ሁሉ ሰው ግን ማን ያፍላ?

አንድ ቀን ከሰልፉ ውስጥ ጎጃሜነቷ ከአነጋገሯ የሚታወቅ ታንጉት የምትባል ሴት ነበረች። በጀርባዋ ያዘለቻት ልጅ ዓይኗ ጎድጉዷል፤ ባይነሽ ያንን ዓይን ታውቀዋለች። ጠጋ ብላ፣ እህቴ፣ ይህ ውሃ አይሆንሽም፣ በተለይ ለሷ አይሆንም አለቻት።

ታንጉት ወደ ተሰቀለው ወረቀት ቀና ብላ አየች፤ ከዚያም ባይነሽን አየቻት።

«ያገሬ ልጅ መስለሽኝ» አለች። «ውሃም ይነፈጋል እንዴ?»

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ ባይነሽን ያያታል። ደግማ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ስለ በረኪናው፣ ስለ ዱቄቷ፣ ስለ ሱሀይር። ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። ውሃ የነፈገች ሴት መባል ፊቷን አቃጠላት፣ እጇም እንደ ልማዱ ተዘረጋ። ገመዱን ተቀበለቻት፣ ባልዲውን አወረደች፣ እንስራውን እስከ አፉ ሞላችላት። ይባስ ብላ አሸከመቻት።

ታንጉት ልጇን እንዳዘለች እንስራዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች፤ ፊቷም ፈካ አለ።

«ልጆችሽን ያሳድግልሽ» ብላ መርቃት ሄደች።