የጠፈሩ ፊልም አስተርጓሚ

ስለሺ የፊልም ሰው ሲሞትበት ሦስት ቀን ጺሙን አይላጭም ነበር። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው! የጠፈሩ መርከብ ሽማግሌ ሐኪም የሞተ ሳምንት፣ ሰኞ ጠዋት የኅብረት ሱቁን ከፍቶ ስኳር ሲመዝን ዓይኑ በርበሬ መስሎ ያዩት ሴቶች ደንግጠው፣ «ምነው ስለሺ፣ ማን ሞቶብህ ነው?» ቢሉት፣ «ዶክተሩ» አለ። የትኛው ዶክተር? ሰልፈኛው እርስ በርሱ ተያየ። ነገሩ ሲገባቸው ሳቁ እስከ ቀጨኔ ድረስ ተሰማ። አንዷማ፣ «በሉ የእድር ጥሩንባ ይነፋለታ!» ብላ መሳቂያ አደረገችው። እሱ ግን አልሳቀም። «እናንተ ምን ታውቃላችሁ» ብሎ ሚዛኑን ማየት ቀጠለ።

ዘመኑ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ነው። ያኔ በጉለሌ ባለቴሌቪዥን ቤት በጣት የሚቆጠር ስለነበር ሰፈርተኛው የሚያየው በቀበሌው አዳራሽ ነበር። ቴሌቪዥኑ በቆርቆሮ ሳጥን ተቆልፎ ይኖራል፤ ቁልፉ ደግሞ በሊቀመንበሩ በጓድ ቱሉ ኪስ ነው። ቅዳሜ ማታ ከዜናው በኋላ የጠፈሩ ፊልም ሲመጣ አግዳሚው ሞልቶ ሰው በመስኮት ይንጠለጠላል። ከየትኛው ወንድም አገር እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው። ታሪኩ መንገድ የጠፋባት መርከብ ታሪክ ነው። ከኮከብ ኮከብ እየዞረች ወደ ምድር መመለሻ ትፈልጋለች፤ በየሳምንቱ ደረስኩ ስትል አንድ ነገር ያደናቅፋታል። ኑሯችንን ነው የሚያሳዩን ይል ነበር ሰዉ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ስለሺ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ያቋረጠ የሃያ ስምንት ዓመት ሰው ነው። እንግሊዝኛውን ያስጨበጠው አንድ ጺማም አሜሪካዊ የፒስኮር አስተማሪ ነበር፤ ከዚያ የተማሪዎች ዘመቻ መጣና ትምህርቱ እዚያው ላይ ቀረ። ሳምንቱን ሙሉ ለራሽን ሰልፈኛ ስኳርና ሳሙና ሲያድል ይውላል፤ «አጎደልክ» እየተባለ ይገላመጣል። ቅዳሜ ማታ ግን ሸንበቆ ይዞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና የጠፈሩን ሰዎች ንግግር ላዳራሹ ያስተረጉማል። ያኔ ሌላ ሰው ነው። የመርከቧ አዛዥ ሻለቃው ሲቆጣ ይቆጣል፣ ሻለቃው ሲያዝን ድምፁ ይሰበራል። መርከቧ አደጋ ላይ ስትወድቅማ ትርጉሙን እርግፍ አድርጎ ይተውና፣ «በሩን አትክፈተው! አንተ ደደብ፣ አትክፈተው ብያለሁ!» እያለ ይጮኻል። «ኧረ ተርጉም አንተ ሰውዬ!» ይሉታል። ያልገባውንም ከራሱ ጨምሮ ይሞላዋል። ማን ሊያውቅበት?

ይህችው ሙያ ነፍሱን አትርፋለታለች። ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ነበር፤ ጓድ ቱሉ፣ «እሱ ለሱቁም ላዳራሹም ያስፈልገናል» ብለው ሰረዙት። ኮታ ግን ኮታ ነው፤ አንዱ ሲሰረዝ ሌላው ይገባል። በእሱ ቦታ የተጻፈው የእትዬ አበራሽ ልጅ ለሜሳ መሆኑን ስለሺ በዓይኑ አይቷል። ለማንም አልተነፈሰም። ምን ብሎ ይናገር?

እትዬ አበራሽ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ እያወረደች፣ ባሏ ዱጉማ ከሞተ ወዲህ ያንን አንድ ልጅ ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ለሜሳ ሲዘምት አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ከሰሜን ሁለት ደብዳቤ ልኳል፤ ሁለቱንም ያነበበላት ስለሺ ነው። ሦስተኛው ሲጠፋ ጊዜ ጎረቤቶቿ «ልብሽ ትንሽ ይርሳ» ብለው ጎትተው አዳራሹ አስገቧት። እዚያም ያንን ልጅ አየችው። ከመርከቧ ሠራተኞች በዕድሜ ትንሹ ነው፤ ረጅም፣ ጆሮው ሰፊ፣ ሲስቅ አንገቱን የሚሰብር። በፊልሙ ስሙ ሌላ ነበር፤ አዳራሹ ግን ዮሐንስ ብሎ ክርስትና አንስቶታል። አበራሽ ደረቷን ይዛ፣ «ቁርጥ ለሜሳ! አቤት ጆሮው!» አለች። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቀርታ አታውቅም። ዮሐንስ አፉን በከፈተ ቁጥር፣ «ምን አለ ልጄ?» ትላለች፤ ስለሺም ከሁሉ አስቀድሞ ለእሷ ይመልሳል። የሚመልሰው እየፈራ ነበር፤ ለምን እንደሚፈራ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

የካቲት ላይ ዮሐንስ ጠፋ። የመርከቧን ቆዳ ሊጠግን በገመድ ታስሮ ወጣና ገመዱ ተበጠሰ፤ ልጁ እጁን እያወናጨፈ ጨለማው ውስጥ ራቀ። ክፍሉ በዚያው አለቀ። ስለሺ ሸንበቆውን ጥሎ ራሱን ያዘ፤ ያን ሳምንት እህል አልወርድህ አለው፣ ለአንዷ የሌላዋን ሳሙና እየሰጠ ሰልፉን አበጣበጠው። አበራሽ ግን አላለቀሰችም። «ለቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ጧፍ ተስያለሁ» አለች፣ «ይህን ልጅ ካገኙት እሑድ በጠዋት ስለቴን አስገባለሁ።» ለፊልም ሰው ስለት! የሳቀም ነበር። ስለሺ አልሳቀም፤ ስለቱ ለማን እንደሆነ ገብቶታል። እሱም በሆዱ እንደ ልጅ ተወራረደ። ዮሐንስ ከተገኘ ለሜሳም ይመጣል፣ የእኔም ኃጢአት ይቀርልኛል አለ።

ዮሐንስ በጠፋ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ከሰዓት፣ ቶለሳ የሚባል የሰፈሩ ልጅ አንድ እግሩን ትቶ ከሰሜን ተመለሰ። ወሬውን ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ግዛቸው ነገራቸው። ለሜሳ ከሞተ አራት ወሩ ነው፤ የቀበሩት ራሱ ቶለሳና ጓደኞቹ ናቸው።

አቶ ግዛቸው እንደ ወጉ መርዶውን ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ሊያረዷት አሰቡ። ጓድ ቱሉ ግን፣ «ቅዳሜ ከሰዓት ከበላይ አካል ሰዎች ይመጣሉ፤ ሕዝቡ ለቅሶ ቤት ከተቀመጠ ስብሰባው ባዶ ሊሆን ነው። እሑድ አርዷት» አሉ። የማን አፍ ደፍሮ ይመልስላቸዋል? ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። እንግዲህ አገር ያወቀውን፣ ፀሐይ የሞቀውን ነገር እናቲቱ ብቻ ሳትሰማ ሦስት ቀን ጭራሮዋን ተሸክማ በየደጁ ስታልፍ ሴቶቹ ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር። አርብ ዕለት ሱቁ መጥታ ስኳሯን ስትወስድ ስለሺ ከልኳ ላይ ጨመረላት። «ጨመርክ እኮ ልጄ፣ ትጠየቅበታለህ» ብላ ትርፉን መለሰችለት።

ቅዳሜ ማታ ስብሰባው አልቆ ጓድ ቱሉ ሳጥኑን ሲከፍቱ አበራሽ ከተፍ አለች። አትምጪ ያላት የለም፤ ቢሏት ትጠረጥራለቻ! ሁሉም ተነስቶ ከፊት አስቀመጣት። አንዷ ነጠላዋን አነጠፈችላት። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆናችሁ ነው እንደ ሙሽራ የምትንከባከቡኝ?» ብላ ሳቀች። ስለሺ ሸንበቆውን አነሳ።

ዮሐንስን አገኙት። ሻለቃው ራሱ ወጥቶ ጎትቶ አስገባው፤ የፊት መከለያውን ሲከፍቱት ልጁ ዓይኑን ጨፍኗል። ሠራተኞቹ ዙሪያውን ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሻለቃው ቀስ እያለ መናገር ጀመረ፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ለክፋቱ ያን ቀን ቃል በቃል ይሰማል። «ይህን ልጅ ለእናቱ እመልሰዋለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼ ነበር» ነው የሚለው፣ «ቃሌን ሳልጠብቅ ሞተብኝ።» ለዮሐንስ ይሁን፣ ለለሜሳ ይሁን፣ ለራሱ ይሁን እንጃ፣ የስለሺ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«ምን አለ ልጄ?» አለች አበራሽ።

ስለሺ ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

«ስለሺ! አፈር ስሆን ንገረኝ፣ ምን አለ?»

ሁሉም ስለሺን ያያል፤ አትንገራት የሚል ዓይን ነው። ደግሞስ አንድ ሌሊት ብትተኛ ማንን ይጎዳል? «አገኘነው ነው የሚለው» አለ ስለሺ። «ደክሞት ተኝቷል። ለእናቱ እመልሰዋለሁ ብያለሁ፣ እመልሰዋለሁ እያለ ነው።»

አስከሬኑን በረጅም ሳጥን አድርገው ወደ ጨለማው ሲለቁት አበራሽ ወደ አገሩ የሚልኩት መሰላት። ብድግ ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። ብቻዋን ሆነችና ዞር ብላ፣ «ምን ሆናችኋል? እልል በሉ እንጂ! ልጁ እኮ አገሩ ሊገባ ነው!» አለች። ምን ያድርጉ? አንዷ እልል አለች፣ ሌላዋ ተከተለች፤ አዳራሹ ሙሉ ሴት እንባው በጉንጩ እየወረደ እልል አለ። «እሰይ! ደስታም ያስለቅሳል» አለች አበራሽ። ስትወጣ የስለሺን ግንባር ስማ፣ «አንተንም ክፉ አይንካህ» ብላ መረቀችው።

በነጋታው ጎሕ ሳይቀድ አቶ ግዛቸው ሽማግሌዎቹንና ሴቶቹን አስከትለው ደጇ ደረሱ፤ ስለሺም አለ። ሳያንኳኩ በሩ ተከፈተ። አበራሽ ታጥባ፣ ያጠበችውን ነጠላ ለብሳ፣ ጧፏን ይዛ ልትወጣ ነበር። «እናንተም ልትሳለሙ ነው? በሉ አብረን እንሂድ» አለች።

አቶ ግዛቸው ከዘራቸውን ተደግፈው፣ «አበራሽ፣ ጠንክሪ። የለሜሳን መርዶ ይዘን ነው የመጣነው» አሉ።

እሷ ሽማግሌውን አላየችም። ከኋላ የቆመውን ስለሺን ፈልጋ አገኘችው።

«ምን አሉ ልጄ?» አለችው።

በዚያች ሰዓት ከራሱ የሚጨምረው አጣ። «ለሜሳ ሞቷል ነው የሚሉት፣ እትዬ አበራሽ» አለ። «ከሞተ አራት ወሩ ነው።»

«መቼ ሰማችሁ?»

«ረቡዕ።»

አንድ በአንድ አየቻቸው። «ትናንት ማታ ታውቁ ነበራ?» አለች። «እልል በሉ ስላችሁ ታውቁ ነበር? በልጄ ሞት አስጨፈራችሁኝ?» ከዚያ በኋላ ጧፉን ጥላ የጮኸችው ጩኸት ሰፈሩን ከእንቅልፉ ቀሰቀሰው። ሊይዟት የቀረቡትን ሴቶች ገፈተረቻቸው። ደም እስኪወርድ ፊቷን ነጭታ ያለቀሰችው ልጇን ብቻ አልነበረም፤ ያንን እልልታዋንም ነበር።

ስለሺ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልተረጉምም አለ። ጓድ ቱሉ አስጠርተውት፣ «ዝርዝሩ እንደሆነ ዛሬም እጄ ላይ ነው» አሉት። ተረጎመ። ሻለቃው ከሌላ አደጋ ድኖ፣ መርከቧ ተርፋ፣ አዳራሹ ሲያጨበጭብ እሱ የሰማውን ብቻ ይናገር ነበር፣ አንድ ቃል ሳይጨምር። «ድሮ ይሻል ነበር» አሉ ሰዎቹ።

የለሜሳ አርባ ካለፈ በኋላ አበራሽ ጥቁሯን ለብሳ ሰልፍ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ ከረጢቷን ዘረጋች። ስለሺ አቀርቅሮ መዘነላት፣ በልኩ።

«እውነቱን ንገረኝ» አለችው በቀስታ። «ያ ልጅስ? ዮሐንስ? እሱም ሞቶ ነበር?»

«አዎ፣ እትዬ አበራሽ። ሞቶ ነበር።»

«እናቱ ሰማች?»

«ፊልሙ እሷን አያሳይም።»

ከረጢቷን አሰረች። «በሁለት ሬሳ ላይ ነዋ እልል ያሰኘኸኝ» አለችና፣ ለቀጣዩ ሰው ቦታውን ለቃ ወጣች።