ጀርባውን የሰጠን በግ

ለመንዝና ለመርሐቤቴ የጋራ ሙዚየም አርማ ሳልልን ሲሉኝ፣ የአንድ ሳምንት ሥራ መስሎኝ ነበር። ጠጉሩ የረዘመ የመንዝ በግ ስዬ ሙዚየሙ ወዳለበት ወደ መሐል ሜዳ ከተማ ሄድኩና ኮሚቴው ፊት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። የመንዞቹ በቀኝ፣ የመርሐቤቴዎቹ በግራ ተቀምጠዋል።

ከግራ በኩል አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይሄ በግ ፊቱን ለመንዝ ሰጥቷል። ለእኛ የሰጠን ምኑን ነው?»

ቤቱ ተንጫጫ። በጉን ባዞረው የመንዞቹ ተቀየሙ። ፊት ለፊት አድርጌ ብስለው «ሊወጋን ነው እንዴ?» አሉኝ። ተስፋ ቆርጬ በገብስ ዛላ ብተካው ደግሞ «በጉ ምን አጠፋ?» ብለው ሁሉም ባንድ ላይ ጮኹብኝ።

እንዲህ ከስብሰባ ስብሰባ ስንከራተት፣ ቅርስ ያዋሱት ሰዎች መጠበቅ ሰለቻቸው። አንድ ቀን ሙዚየሙ ብመጣ ከአዋሾቹ አንዱ ጋሽ ተክሌ የአባታቸውን ጥቁር በርኖስ ከመስታወቱ ሣጥን አውጥተው እየደረቡ ነው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱን» ብዬ ለመንኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ብርዱ የእናንተን አርማ አይጠብቅልኝም» ብለውኝ ወጡ። ሌላውም ጋሻውን፣ ጎራዴውን እያነሳ ተከተላቸው።

በመጨረሻ ማንንም የማያስቀይም ባዶ ክብ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

በምረቃው ዕለት ታፔላውን በሚኒባስ ጭኜ ደረስኩ። መደርደሪያው ሁሉ ባዶ ነው። ሰው የከበበው አንዱን የመስታወት ሣጥን ብቻ ነበር። ተጋፍቼ ባይ፣ የመጀመሪያው ሥዕሌ ውስጡ ተቀምጧል፤ «በእጅ መንካት ክልክል ነው» የሚል ተጽፎበታል። እኚያ መነጽራም ሽማግሌ ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ላመጧቸው እንግዶች በጣታቸው እያሳዩ ያስረዳሉ፦

«ጀርባውን የሰጠን በግ ይሄውላችሁ!»