ከጉም ውስጥ የምትመጣው ገዢ

በሚሊኒየሙ ዓመት አሳየሽ አረካ ከተማ የነበራትን የጨርቅ ሱቅ ዘግታ ዳሞታ ተራራ ሥር ወዳለው የእናቷ ቤት ገባች። እናቷ ወይዘሮ ፈጠነች ሰው መለየት አቅቷቸው ነበር። ወንድሞቿ «አንቺ እያለሽ ሠራተኛ መቅጠር ምን ያደርጋል?» ብለው ወደየሥራቸው ተመለሱ።

ወይዘሮ ፈጠነች ድሮ ቅቤ ነጋዴ ነበሩና፣ በገበያ ቀን ዛሬም ነጠላቸውን አጣፍተው ይነሳሉ። አሳየሽ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ በረንዳው ላይ ትደረድርላቸዋለች። ጉም ወርዶ አጥሩን ሲውጠው ግቢው ገበያ ይመስላል፤ እሷም ገዢ ሆና ከጉሙ ውስጥ ብቅ ትላለች።

አንድ ማለዳ ዋጋ ስትከራከር እናቷ እጇን ያዙት።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽ እንዴት ሻክሯል? ሰው ቤት ነው የምትሠሪው? አረካ ትልቅ ሱቅ ያላት ልጅ አለችኝ። ሂጂና ፈጠነች ላከችኝ በያት፤ ሥራ ትሰጥሻለች።»