አባቴና ያላለቀው ሽንት ቤት

ሱሉልታ ነፋስ ሞልቶ ተርፏታል። ሰው ቤት ሲሠራ ቆርቆሮውን በሚስማር ይመታል፤ ሚስማሩን ስለማያምነው ደግሞ ድንጋይ ይጭንበታል። አባቴ አንዴ ከጀመሩ ልክ የላቸውም። የእኛ ጣሪያ ላይ የተከመረው ድንጋይ ሌላ ቤት ይወጣው ነበር።

እኔ በበኩሌ ስልኬ ላይ የውጭ አገር አውሎ ነፋስ ማየት ሱስ ሆኖብኛል። ሞቃትና እርጥብ አየር ከታች ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከላይ ይወርዳል፣ ከዚህም ከዚያም የሚነፍሰው ነፋስ ያሽከረክራቸውና ደመናው ቁልቁል ቀንድ ያወጣል። ይህን ሳስረዳቸው አባቴ፣ "ሰይጣን ነው በለኝና እንገላገል" አሉ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በጫንጮ በኩል የጠቆረው ደመና እውነትም ቀንድ አወጣ። መሬት ነክቶ የሰው ገለባ ክምር ሲያነሣ አየሁ። አባቴ ግን መሰላል አቁመው ድንጋይ ሊጨምሩ እየወጡ ነው!

"አባባ፣ ይውረዱ! አንቱን ነው የሚወስደው!"

"ቤቴንስ?"

እግራቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። ስልኬ ላይ ያሉት ሰዎች ምድር ቤት ግቡ ይላሉ፤ የእኛ ምድር ቤት ጓሮ ቆፍረን ያልጨረስነው የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው።

"ሽንት ቤት? እኔ? በቁሜ?"

"አልተጀመረም እኮ! ንጹሕ ነው!"

ገፍቼ አስገባኋቸው። ላያቸው ላይ ተኝቼ ጭንቅላታቸውን በክንዴ ሸፈንኩ። "በስመ አብ"ንና ስድብን እያፈራረቁ ይጮኻሉ። ልባቸው ሲመታ ደረቴ ላይ ይሰማኛል። አባቴን እንዳላጣቸው በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ስንወጣ ቆርቆሮው የጎረቤት ድንች ማሳ ላይ ነበር። ድንጋዮቹ ግን ቤት ውስጥ ቀርተዋል። ትልቁ ድንጋይ፣ አባቴ ከምሳ በኋላ የሚያሸልቡበት አልጋ ላይ፣ ልክ ትራሱ ላይ ተቀምጧል። ቆመው አዩትና፣ "ድንጋይ ውለታ አያውቅም" አሉ።

አዲሱን ጣሪያ ከማገሩ ጋር በሽቦ አሰርነው፤ ድንጋይ የለውም። ሽንት ቤቱም ሌላ ቦታ ተቆፈረ። ጎረቤት እንዴት ተረፋችሁ ሲል አባቴ "እግዚአብሔር" ይላሉ፤ የት እንዳስቀመጠን ግን አይናገሩም።

በቀደም ሰማዩ ሲጠቁር ፈልጌ አጣኋቸው። ከጓሮ፣ "ኮቱ! ና እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!" የሚል ኦሮምኛና አማርኛ የቀላቀለ ድምፅ ሰማሁ። ጉድጓዱ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ሌላ ባዶ በርጩማ ነበር።